በቁሟ የወረደላት ሙሾ

ሰኞ

ይህ ደብተር የሌሎች ሰዎች ሟቾች ደብተር ነበር። ቀብር ሲጠሩኝ አስቀድሜ የሟች ቤት እሄድና አንድ ጥግ ይዤ እጠይቃለሁ። በእጁ ምን ይሠራ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ ምን ጀምሮ ተወው። የሰማሁትን እዚህ አሰፍራለሁ፣ ግጥሙ ከዚያ ይመጣል። ሙሾ አውራጅ ነኝ። እናቴም ሙሾ አውራጅ ነበረች፣ ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ደንብ አላት፤ ለአንዱ የተለቀሰ ሙሾ ለሌላው አይለቀስም። ሬሳው ሲወጣ ሙሾውም አብሮት ይወጣል።

ከዛሬ ጀምሮ ግን የራሴንም ጣጣ ልጽፍበት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ የለም።

ዛሬ አናጺው ተቀበረ። የራሱ ቤት በር ሳይጠገን ለዓመታት ተንጋዶ እንደኖረ ሚስቱ ነግራኝ ነበር። እንዲህ አልኩለት፦

ለሰፈሩ ሁሉ በር ሲገጥም ኖሮ፣
የራሱን ዘጋና ሄደ ተሰውሮ።

ሚስቱ ደረቷን ያዘች፣ ወንዶቹም ፊታቸውን አዞሩ። ሲያልቅ ባለድንኳኑ ተከትሎኝ መጣ። ድንኳንና ወንበር ያከራያል፤ አሁን ደግሞ ድምፅ ማጉያ ጨምሯል። «እትዬ፣ አንድ ቀን ስቱዲዮ ገብተው ቢቀዱልኝ እኮ በዝናብ በጭቃ ከመንከራተት ይገላገሉ ነበር» አለኝ። «ሬሳው እዚያ ካለ እመጣለሁ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ሴት ልጄ ከኋላው ሽቦ ትጠቀልላለች። ገና ለሙከራ ነው የቀጠራት። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ

እማዬ እግሯ አብጧል። ሐኪሙ ለእሷ «አይዞሽ እናቴ፣ ደህና ነሽ» ብሎ እኔን በር ላይ ጠርቶ ልቧ እንደደከመ ነገረኝ። እሷን ማን ያሞኛታል። ዕድሜ ልኳን ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ቤት ስትገባና ስትወጣ የኖረች ሴት ናት። ሰውዬው ገና ከግቢ ሳይወጣ፣ «በር ላይ ያንሾካሾከልሽን እኔው ልንገርሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ጉዷን አመጣችው። «ሙሾዬን አውጪና ልስማው።»

«እማዬ፣ ሰው በቁሙ ይለቀስለታል እንዴ?»

«ስንቱን ሳስለቅስ ኖሬ የራሴን ሳልሰማ ልሂድ?»

«ደንብ የሚባል ነገር አለ። ያውም ያንቺ ደንብ።»

«የኔ ከሆነ እኔው ልሻረዋ።»

ቀልድ መስሎኝ ተውኩት። ከሰዓት ደገመችው፣ ማታም ደገመችው።

ዓርብ፣ በችኮላ

መድኃኒቱ አልቋል። ፋርማሲው ዝግ። እማዬ ምግብ አልቀምስም አለች። «ሙሾዬን ካልሰማሁ አፌ አይከፈትም።» ልክ እንደ ሕፃን። ልጄ ደግሞ፣ «እማ፣ ምን አለበት? ደስ ካላት በያት» አለችኝ። ደስ ካላት። የልደት ኬክ ቁረሺላት የተባልኩ ነው የሚመስለው።

ሟርት ነው። አላደርገውም።

እሑድ ማታ

አደረግኩት።

በሩን ዘጋን። ጎረቤት ሰምቶ ሞተች እንዳይል መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። እማዬ ትራሷን ተደግፋ ተቀመጠች፣ እንግዳ እንደሚመጣበት ሰው ሻሿን አስተካከለች። ልጄ ስልኳን ከመድኃኒት ብልቃጡ ጎን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችና በሩን ተደግፋ ቆመች። ያቺ ልጅ ስልኳን ከእጇ ስትለይ አይቻት አላውቅም። ለአያቷ አክብራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እማዬ የቤቱን ቁልፍ ሁልጊዜ በሻሿ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ እሷ ከሰው ቀብር እስክትመለስ ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ብዙ ጊዜ ይመሽ ነበር። ከዚያ ነው የጀመርኩት፦

ቁልፉን ከሻሽሽ ጫፍ ቋጥረሽው ሄደሻል፣
ደጁ ላይ ቆመናል ማን ይከፍትልናል።

መሃሉን እዚህ አልጽፈውም። መጨረሻው ይህ ነው፦

እኔን ስታስተምሪ ስንቱን አስለቀስሽው፣
ያንቺ ተራ ሲደርስ ድምፄን ወዴት ጣልሽው።

«ያንቺ ተራ» ካልኩ በኋላ የቀረውን ሮጥኩበት። ቀና ብዬ ሳያት እማዬ አታለቅስም። ዓይኗን ጨፍና እንደ ድሮው በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች።

«እዚህ ላይ አትቸኩይ» አለች። «ድገሚው።»

አልደገምኩትም። እኔ የእናቴን ሞት በአፌ አምጥቼ ልቤ ሊወጣ ደርሷል፣ እሷ ምት ታስተካክልልኛለች። በሩን ድርግም አድርጌ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ። ስመለስ ሾርባዋን እየጠጣች ነበር። «ጨው አንሶታል» አለችኝ።

ባላደርገው ይሻል ነበር። ምን አቸኮለኝ።

ሐሙስ

እማዬ ተሻላት፣ እሰየው። ልጄ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ነገር አመጣችላት። ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሰማለች፣ ጣቷም ጉልበቷ ላይ ይሄዳል። «ምንድነው የምትሰሚው?» ስላት ልጄ ቀድማ፣ «ሬዲዮ ነው» አለች። በስተርጅና ዘፈን ወዳድ ሆነች ብዬ ሳቅኩ። እማዬም ሳቀች፣ ግን እኔን አላየችም።

ልጄ ሥራዋ ቋሚ ሆነላት። በዚህ ፍጥነት? ጎበዝ ናት። መረቅኳት።

እኔን ግን በዚህ ሳምንት የጠራኝ የለም። ሞት ዕረፍት ወጣ እንዴ እንዳልል ታች መንገድ ላይ ሁለቴ ድንኳን ሲተከል አይቻለሁ። ልጄን ብጠይቃት፣ «ሰዉ አሁን አጠር ያለ ነገር ነው የሚፈልገው እማ» አለችኝ። ለቅሶ እንዴት ነው የሚያጥረው? ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቅዳሜ

ባለሱቋ ጎረቤቴ ሳሙና እየሰጠችኝ፣ «በደላላው ቀብር ትናንት አንጀቴን በላሽው» አለችኝ።

«የደላላው ቀብር አልነበርኩም።»

«በስንት ዓመታችን ድምፅሽ ሊጠፋኝ? ስለ ቁልፍ አልሽ፣ ስለ ሻሽ አልሽ። ሰውዬው መላጣ ነበር፣ የምን ሻሽ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን እኔም አለቀስኩ።»

አንዷ ድምፄን አስመስላ እያወጣች ነው ማለት ነው። ቁልፍ ደግሞ የሌለው ቤት የለም። ብዙ አላስብበትም።

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ

ሳልጠራ ሄድኩ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በረድፍ ተቀምጧል፣ እንደ ስብሰባ። ሬሳው መሃል ነው። ሙሾ አውራጅ የምትቆምበት ቦታ ላይ ጥቁር ሣጥን ቆሟል። ባለድንኳኑ አንድ ነገር ነካ አደረገ፣ ሣጥኑ በእኔ ድምፅ፣ «ቁልፉን ከሻሽሽ ጫፍ» አለ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እናቴ ቤት ሾርባዋን እየጠጣች ነው፣ እኔ እዚህ ሞታለች እያልኩ አለቅሳለሁ። የሾፌሩ መበለት ሣጥኑን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። የኔን እናት ሙሾ ለባሏ ወስዳ፣ ከልቧ፣ አንድም ቃል ሳይጎረብጣት። እሷን ምን ልበላት። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት መሐረብ አቀበለችኝ፣ የሟች ዘመድ መስያት።

ባለድንኳኑን ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኩት። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

ፊቱ ልብስ መሰለ። «እትዬ… ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው። ከቤትዎ የመጣ ነው።»

«ከቤቴ ማን?»

«እኔ በእናንተ መሃል መግባት አልፈልግም» አለና ሰው እንደጠራው ሆኖ ሄደ።

ከቤቴ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ አንዷ ከአልጋ አትነሳም። መስኮቱ ላይ የሰቀልኩት ብርድ ልብስ ስስ ነበር። የባለሱቋ ዕቃ ማስቀመጫ ደግሞ ከእኛ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። እሷም ስልክ አላት። እሷ ናት። ቅዳሜ ደርሳ ያወራችልኝ ልታጣራ ነው።

ረቡዕ

ከባለሱቋ ጋር ተጣላሁ። ሰው ፊት። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፣ ቆረጥሽብኝ» አልኳት። ሚዛኑን አስቀምጣ አየችኝ። «የኔ እህት፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤትሽን ጠይቂ» አለች።

ስኳሩን ሳላነሳ ወጣሁ።

ራት ላይ ልጄ አንገቷን ደፍታ በላች። ደክሟት ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ስትደረድር ነው የምትውለው።

ዓርብ

የእማዬን አንሶላ ስቀይር ያ የጆሮ ነገር ከትራሱ ሥር ወደቀ። ሲያንሾካሹክ ሰማሁትና ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ እየሮጥኩ። ከዚያ የእማዬ ድምፅ፣ «እዚህ ላይ አትቸኩይ። ድገሚው።» ከዚያ ኮቴዬ፣ ከዚያ በሩ ድርግም ሲል።

ባለሱቋን ሰው ፊት ሌባ አድርጌያታለሁ። ስልኩ ከብልቃጡ ጎን ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ እኔም የማላውቅ መስዬ ከራሴ ጋር ስደባበቅ ሰነበትኩ።

«ልጅቷን አትቆጪያት፣ ቅጂልኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ደህና ነው፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው። «አንዴ ሰምቼው ይበቃኛል? የእናቴን ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ አሉ። ዛሬ አንድ ስንኝ አላስታውስም። ሬሳው ሲወጣ አብሮት ወጣ። ደንቤን አክብሬ ባዶ እጄን ቀረሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እምቢ ትያለሻ።»

«ሾፌር ተቀብሮበታል፣ እማዬ።»

አልገባትም። ነገርኳት። ደላላው፣ ሾፌሩ፣ ሌላም ማን እንደሆነ እንጃ። ከአልጋዋ ቀና ለማለት ሞከረች። ልጄ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ለማን ሰጠሽው?» አለቻት እማዬ። ይህን እሷም አታውቅም ነበር።

ልጄ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «ጥሩ ስለሆነ ነው የሰጠሁት። እማ፣ የማያውቁሽ ሰዎች አለቀሱ እኮ። አንቺ ስትደክሚ ምን ሊቀር ነው? ደብተሩ? እኔ እንደሆነ አልችልበትም። ሞክሬያለሁ፣ አልችልም። ያለኝ መቅዳት ነው።»

«ቋሚ ያደረገሽስ?»

ቦርሳዋን አሁን አወረደች፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ። ቢያንስ ብትዋሽ።

«እሳት አመድ ወለደ» አልኳት። በሆዴ ልለው ነበር፣ በአፌ ወጣ። «አጥፊው። ካለበት ሁሉ አጥፊው፣ ዘሩ እንዳይቀር።»

እማዬ ወደ ግድግዳው ዞረች። የጆሮውን ነገር መልሱልኝ አላለችም። «ሌላ አውጪልኝ። አንቺ አያቅትሽም» አለች።

ልጄ አመድ ስትባል ፊቷ እንዴት እንደሆነ ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ሰኞ

ምንም።

ለማላውቀው ሰው ቤተሰቡን ጠይቄ አወጣለሁ። ለእናቴ ማንን ልጠይቅ? በእጇ ምን ታደርግ ነበር? ቁልፍ ትቋጥር ነበር። እሱን ሾፌሩ ወስዶታል።

ሐሙስ

ከልጄ ጋር አንነጋገርም። «ውሃው ፈልቷል» ትላለች ለግድግዳው። «አይቼዋለሁ» እላለሁ ለድስቱ። እማዬ መሃል ተኝታ፣ «እናንተ ሰዎች፣ የሞትኩት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?» ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ድምፅዋ ቀጥኗል። ሁለት ስንኝ ጀምሬ ሰረዝኩ። ሁለቱም የሌላ ሰው ይመስላሉ። የከፋኝ ሁለቱ እኔን ወደ ጎን ብለው ተማክረው መቀመጣቸው ነው። አንዷ የወለደችኝ፣ አንዷ የወለድኳት። ሙሾው የኔ፣ እናቲቱ የኔ፣ የማልጠየቀው እኔ ብቻ።

እሑድ

እማዬ ሄደች። ጠዋት ነው፣ ፊቷን ላጥባት ውሃ ይዤ ስገባ።

ቁልፉን ከሻሿ ፈታሁት። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አለኝ፣ በጥርሴ ነው ያላላሁት።

ማክሰኞ

ዛሬ ቀበርናት።

መንገዱ በሰው ሞላ። በስንት ዓመት ያስለቀሰቻቸው ሁሉ መጡ፣ የአናጺው ሚስትም የሾፌሩ መበለትም። ባለሱቋ ሳትጠራ ከማለዳ ጀምሮ ስታስተናግድ ዋለች፣ አንድም ቃል ሳይወጣት። ዓይኗን ማየት አፈርኩ። ባለድንኳኑ ድንኳኑን በገዛ እጁ ተከለ፣ ጥቁሩን ሣጥን ግን አላወረደውም።

ሬሳው መሃል ገባ። ሁሉም እኔን ጠበቀ። የእማዬ ልጅ ናት፣ ዛሬ ጉድ ታሰማናለች ብለው ነው። ሌላ አልነበረኝም። ምን ይምጣ ብዬ «ቁልፉን» ብዬ ጀመርኩ። ገና ከአፌ ሳይወጣ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ቃል በቃል። ሁሉም ያውቁታል። ከኋላ አንዷ ለጎረቤቷ፣ «የሾፌሩን ነው እኮ የምትለው» አለቻት። ክፋት የላትም፣ መናገሯ ብቻ ነው።

ድምፄ እዚያው ቀረ። ብታገለው አልመጣም። የማውቀው ሰው ሁሉ ዓይን ላዬ ላይ፣ እናቴ ፊቴ ተጋድማ፣ እኔ እንደ ግንድ ቆሜ። ባለሱቋ መጥታ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ያኔ ልጄ ከወንዶቹ ረድፍ በኩል መጣች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አያቷ እግር ሥር ተንበረከከችና ከፈተችው። ተነስቼ በጥፊ ልላት ነበር፣ ባለሱቋ ትከሻዬን አልለቀቀችም። ድምፅ ማጉያ የለም፣ ትንሽ ስልክ ናት፤ ሰው ለመስማት ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ሳስለቅስ ኖርኩ እንጂ ቁጭ ብዬ ተለቅሶልኝ አላውቅም ነበር። ጠላሁት ያንን ድምፅ። ግን ጥሩ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ባለድንኳኑ የሚያሰማው መጨረሻው ስንኝ ላይ የተቆረጠ ነው። የልጄ አልተቆረጠም። «ድምፄን ወዴት ጣልሽው» አልኩ እየሮጥኩ። ከዚያ እማዬ ተናገረች።

«እዚህ ላይ አትቸኩይ። ድገሚው።»

አንድ ሽማግሌ ወደ ሬሳው ዞሮ አማተበ። የሸሸሁበት ኮቴ ተሰማ፣ በሩም ድርግም አለ። ልጄ ስልኩን ዘጋችው።

ተነሳሁ። «ያንቺ ተራ ሲደርስ» አልኩና ቆምኩ። በጣቴ ጭኔን እየመታሁ እሷ የምትፈልገውን ያህል ቆምኩ። ከዚያ ሳልሮጥ ጨረስኩት። ይህን ጊዜ ማንም አብሮኝ አላለም።

ማታ ሰው ሲበተን ልጄ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ሥራውን ለቀቅኩ። ከባለድንኳኑ ሣጥን ቆሜ አስጠፋሁት። ከኔም አጠፋሁት። የትም የለም፣ እማ።»

«የእማዬንስ ድምፅ?»

አየችኝ። «አብሮ ነው ያለው። አብሮ ጠፋ።»

«እሱን ማን አጥፊ አለሽ?» ጮህኩባት፣ ሬሳ በወጣበት ቤት።

«አንቺ» አለች ቀስ ብላ። «ካለበት ሁሉ አልሽኝ። ታዘዝኩሽ።»

አላልኩም ብዬ ልምል ነበር። እሷ ስትተኛ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ ዓርብ የሚለውን ፈለግኩ። አለ። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።